እመት አትጠገብ የተደገፉት ግድግዳ

በሕይወቴ እምላለሁ፤ ዛሬ ከአፌ የምትወጣው ቃል ሁሉ እውነት ናት። ዋሽቼ እንደሆነ ይህች የቀረችኝ አንድ ጥርስ ነገ ሽሮ ውስጥ ወልቃ ትቅር። ምን ያስቃችኋል? ጥርስ ጥርስ ነው፤ ለባለቤቱ አንድም ብዙ ነው።

መብራቱ እንደሆነ ሄዷል፤ ዛሬ አይመጣም። ጠጋ ጠጋ በሉ። ፈንታሁን፣ የስልክህን ባትሪ አጥፋው። ይህን ነገር በብርሃን አላወራውም። ለምን? እሳቸው ብርሃን አይወዱማ። እሳቸው ማን ናቸው? ቆዩ፣ ትደርሱባቸዋላችሁ። ወይ እሳቸው ይደርሱባችኋል።

ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ፀሐይ ገብታለች፤ ጨለማው ገና አልገባም። ሰው ከጉቶ የማይለይበት ሰዓት። መንገዷ ቀጭን ናት። በግራ ቁልቋል፣ በቀኝ ቁልቋል። ቁልቋሉ ከማርጀቱ የተነሣ ከላይ ተያይዞ ሰማዩን ዘግቶታል። መንገዷ ታልፍና ታልፍና በመቃብሩ አጥር ሥር ትሾልካለች። በዚያ ሰዓት በዚያች መንገድ ሰው ብቻውን ይሄዳል? አይሄድም። ጅብ እንኳ ጓደኛ ጠርቶ ነው የሚያልፍባት። አንድ ሰው ግን ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል። እያፏጨ ይሄዳል።

ማን? ማንያዘዋል።

የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ዘመኑም ሩቅ ነው፤ የአያቴ አያት ገና ጡት ያልጣለበት ዘመን ነው። ማንያዘዋል ግድግዳ ቀቢ ነበር። ቀቢ ብቻ? የቀቢ ቁንጮ ነበር እንጂ! ግድግዳ ላይ ወፍ ቢስል ድመት ትዘልበታለች። የሾላ ፍሬ ቢስል ዝንጀሮ በመስኮት ይገባል። እኔ ሥዕሉን አላየሁትም፤ ዝንጀሮውን ያየ ሰው ግን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አይወድም ነበር። ምን አይወድም? ማጠብ አይወድም። ግድግዳ ማጠብ፣ መፋቅ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፤ እሱን ሲነግሩት ፊቱ እንደ ኮሶ ይሆናል። እሱ የሚወደው አበባውን ነው። ወፉን ነው። ሰው አፉን ከፍቶ ሲያይለት ነው።

ያን ዕለት የሚሄደው ወደ ግራዝማች ቢያድግልኝ ቤት ነበር። ግራዝማች አንድ ልጅ አለቻቸው፤ እንጉዳይ ትባላለች። ማንያዘዋል ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን አፍረው ተመለሱ። ማን መለሳቸው? የግራዝማች እናት፣ የእንጉዳይ አያት፣ እመት አትጠገብ። «የልጄን ልጅ ለጭቃ ለቅላቂ? ያ ልጅ እዚህ ቤት እጁን አሳርፎ ያየሁ ቀን፣ ሞቼም ቢሆን እነሣለሁ» አሏቸው።

አሁን እመት አትጠገብ ሞተዋል። ሙት ዓመታቸውም ወጥቷል። ግራዝማች ራሳቸው ማንያዘዋልን አስጠሩት። እሱም ያፏጫል። ሰው በመቃብር አጥር ሥር ያፏጫል? እሱ ግን ያፏጫል።

ደረሰ። ግራዝማች ከእልፍኙ በር ላይ ቆመው ተቀበሉት።

«ማንያዘዋል፣ እናቴ አንተን አትወድህም ነበር።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«እኔም አልወድህም።»

«እሱንም አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ልጄ ግን ከአንተ ሌላ አላገባም ብላ እህል ትታለች። ምን ላድርጋት? ሌላ ልጅ የለኝም። ብታገባም የትም አትሄድብኝም፤ የምትኖሩት እዚሁ እልፍኝ ነው። ና፣ ይህን ግድግዳ እየው።»

አየው።

እንግዲህ ስለዚያ ግድግዳ ልንገራችሁ። እመት አትጠገብ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ እልፍኝ፣ እዚያች መደብ ላይ፣ ያንን ግድግዳ ተደግፈው ነው የኖሩት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ራሳቸውን ቅቤ ይቀባሉ። ለጋ ቅቤ ነው፤ አደስ የገባበት። ቅቤው ቀልጦ በማጅራታቸው ይወርዳል፤ ግድግዳው ይጠጣል። እሳቸው ይቀባሉ፤ ግድግዳው ይጠጣል። ከጊዜ በኋላ ዝንብ ሲያርፍበት የሚያዳልጠው ሆነ። አንድ ቀን ድመቷ ልትታከክበት ጠጋ ብላ እስከ በሩ ተንሸራታ ሄደች። ኩራዝ ሲበራ ከኩራዙ ይልቅ ግድግዳው ያበራል። በመካከሉ ደግሞ የእሳቸው ምልክት አለ። ጥቁር፣ ወዛም፤ ራስ፣ አንገት፣ ሁለት ትከሻ። እሳቸው ተነሥተው የሄዱ፣ ጀርባቸው የቀረ ይመስላል።

«ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው» አሉ ግራዝማች። «እስከዚያ ይህ ግድግዳ ነጭ ሆኖ፣ አበባ ለብሶ ካየሁት እንጉዳይ ያንተ ናት። የእናቴ ወዝ ጥፍር ታህል ብቅ ብላ ካየሁ ግን ለወንዝ ማዶው የበቅሎ ነጋዴ እድራታለሁ። እሱ ቢያንስ በቅሎ አለው።»

«ጌታዬ፣ ይህ ምን አላት! ለኔ ቁርስ ነው» አለ ማንያዘዋል።

ቁርስ! ስሙት እንግዲህ።

በማግስቱ ኖራውን ተሸክሞ ሲመጣ እንጉዳይ ቀድማ ቆማለች። ትልቅ ጋን ውኃ እሳት ላይ ጥዳለች። አጠገቧ የተወቀጠ እንዶድ በገበታ ተቀምጧል።

«መጀመሪያ ይታጠብ» አለችው። «አመድ በጥብጬ፣ አጥልዬ አፍልቼልሃለሁ። በእሱና በእንዶዱ ታሸዋለህ። ከዚያ ትፍቀዋለህ። ከዚያ ይደርቃል። ኖራው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እስኪደርቅ ስንት ቀን?»

«እስኪደርቅ ነዋ!»

«እንጉዳይ፣ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ?»

«አይደለህም። ልብስ አጣቢ እኮ እድፍ ያውቃል።»

«የኔ ኖራ የማይሸፍነው ነገር የለም።»

«ቅባት ላይ ኖራ አይዝም ማንያዘዋል። ውሎ አድሮ ይወጣል። ይህ ደግሞ የአያቴ ቅባት ነው። ታውቃታለህ። በሕይወቷም ሳለች ዝም በይ ብለዋት ዝም ብላ አታውቅም።»

ሳቀባት። ሳቀና ብሩሹን ነከረ። ቀባ። ደገመ። ሠለሰ። ወደ ማታ እልፍኙ እንደ ወተት ነጣ። የእመት አትጠገብ ጀርባ ጠፋ። ማንያዘዋልም እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሲነጋ መጣ። ምን አየ? ከነጩ መሐል አንዲት ቢጫ ነጥብ። ሎሚ ታህላለች። «አልደረቀ ይሆናል» አለና ቀባት።

ሲነጋ መጣ። ሎሚዋ ራስ ሆናለች። ቀባው።

ሲነጋ መጣ። ራሱ አንገት አብቅሏል፤ አንገቱ ትከሻ አብቅሏል። ቀባው። አሁን ግን አላፏጨም። «አበባ ሲወርድበት ይጠፋል» አለ። ቀይ አፈር በጠበጠ፣ እርድ በጠበጠ፣ ጥላሸት በጠበጠ። እድፉ ላይ ሰፌድ የሚያህል የሱፍ አበባ ሣለበት። ከአበባው ግራና ቀኝ ሐረግ አወረደ። በሐረጉ ላይ ወፍ አስቀመጠ።

እናንተዬ፣ የተሣለ አበባ ሲጠወልግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም፤ ማንያዘዋል ግን አየ። ሲነጋ ሲመጣ የሱፍ አበባው ቅጠሉን ወደ ታች ጥሏል። ወፏ ትናንት ወደ አበባው ነበር የምታየው፤ ዛሬ ፊቷን አዙራለች። ለማየት የፈራች ትመስላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ግድግዳ ሲደገፍ ግድግዳውን የሚነካው ምኑ ነው? ማጅራቱ ነው። ማጅራት ፊት አለው? የለውም። ምልክቱም ያንን ሁሉ ዘመን ማጅራት ብቻ ነበር። እሺ። በዚያ ጠዋት ግን እድፉ ጆሮ አውጥቷል።

ጆሮ! ጉትቻ የጎተተው፣ ረጅም የአሮጊት ጆሮ።

ቀባው። በማግስቱ ጉንጭ ወጣ። ቀባው። በማግስቱ የአፍንጫ ጫፍ ወጣ። ገባችሁ ምን እየሆነ እንደሆነ? እመት አትጠገብ እየዞሩ ነው። ቀስ እያሉ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ግድግዳው ውስጥ ሆነው እየዞሩ ነው። ወደ ማን? ወደ ቀቢው ነዋ!

አሁንም አንቱ ነው የምላቸው። አትሳቁ። ሞተው አንተ የተባሉ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ አታውቁም።

ዐይኑ ሊወጣ አንድ ሌሊት ሲቀረው ማንያዘዋል ብሩሹን ጣለ። ወደ ጓሮ ሮጠ። እንጉዳይ እህል ታበጥራለች።

«አመዱ… አመዱ አለ?»

«የትኛው አመድ?»

«ያ… የመታጠቢያው።»

«ልብስ አጣቢ ነኝ እንዴ ያልከው?»

«እንጉዳይ፣ በናትሽ! አያትሽ እየዞሩብኝ ነው!»

ፊቱን ስታይ ቀልዷን ተወች። ጋኑን ጣደችለት። አመዱን አጠለለችለት። እንዶዱን በገዛ እጇ ወቀጠችለት። ማንያዘዋልም እጅጌውን ሰብስቦ ከግድግዳው ጋር ተያያዘ። መያያዝ ነው እንጂ ማጠብ አይባልም! የፈላውን ውኃ ሲረጭበት ግድግዳው እንደ እባብ እሽሽ ይላል። በቃጫ ሲያሸው ወዙ ወደ ዐይኑ ይፈናጠራል። አንዴ የእንዶዱ አረፋ ውስጥ አንድ ነገር አውራ ጣቱን ነከሰው። ጥርስ ነበር? እኔ ምን ዐውቃለሁ። ጠባሳው ግን ነበር አሉ። በማጭድ ፋቀው፣ አጠበው፣ ፋቀው፣ አጠበው። ቡናማ ውኃ በመደቡ ላይ ወረደ፣ በወለሉ ላይ ወረደ። እንጉዳይ ከሥር በገንዳ ትቀበላለች።

ከዚያ ደረቀ። አሁን ጠበቀ፤ ምን ያድርግ! ሲደርቅ እፍኝ ውኃ ረጨበት። ቅባት ያለበት ግድግዳ ውኃ ያንከባልላል፤ ታውቃላችሁ። ይኸኛው ግን ውኃውን ጥርግ አድርጎ ጠጣው። ጠርቷል። እንደ እንቁላል ቅርፊት ጠርቷል።

ገንዳው ውስጥስ ምን ሆነ? ውኃው ሲቀዘቅዝ ቅቤው ላይ ተንሳፈፈ። የዘመናት ቅቤ! እንጉዳይ ገፍፋ ቅል ውስጥ ጨመረችው፤ ቅሉ እስከ አፉ ሞላ። መግማት ነበረበት፤ አይደለም? አልገማም። ዛሬ የተናጠ ይመስላል። አደስ፣ አደስ ይሸታል።

በዚያ መንደር አንድ ደንብ አለ። የሙት ጥፍር፣ የሙት ፀጉር፣ የሙት ወዝ ሜዳ ላይ አይጣልም። ከባለቤቱ መቃብር ግርጌ ይቀበራል። ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና ቅሉን አዩ።

«የእናቴ ነው። አንተ ነህ ያወጣኸው፣ አንተ ውሰድላት። ብቻህን ግን አትሂድ» አሉት።

«እሺ ጌታዬ።»

ሄደ። ከማን ጋር? ብቻውን! ኩሩ ነዋ። የፈራ እንዳይመስልበት። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በዚያች የቁልቋል መንገድ፣ ቅሉን አቅፎ። ከመቃብሩ አጥር ደረሰ። ቆመ። ቅሉን አየው።

አሁን ስለ ማንያዘዋል ራስ ላውራችሁ። ዕድሜ ልኩን ኖራ ሲቀባ የኖረ ሰው ራሱ ምን ይመስላል? ኖራው ፀጉሩን በልቶታል። እዚህ ጋ ጉች ያለ ቁጥቋጦ፣ እዚያ ጋ ራሰ በራ። ጭነት የጎዳው የአህያ ጀርባ በሉት። እሱም ሠርጉን አሰበ። ሴቶቹ በእሱ ላይ የሚያወርዱትን ዘፈን አሰበ። የበቅሎ ነጋዴው ጎፈሬውን አበጥሮ ጥግ ቆሞ ሲስቅ ታየው። ፀጉር ደግሞ በምን ይበቅላል? በቅቤ።

«ይህ ሁሉ ቅቤ ለምስጥ?» አለ።

ንገሩኝ እስቲ፤ እናንተ ብትሆኑ የሞተ ሰው ቅቤ ራሳችሁ ላይ ታደርጋላችሁ? ፈንታሁን አያደርግም። ፈንታሁን ድሮም የሚቀባው ፀጉር የለውም። ማንያዘዋል ግን እጁን ቅሉ ውስጥ ከተተ። አንድ ጊዜ ዛቀ። ሁለተኛ ዛቀ። ራሱ ላይ ለጠፈው፣ አሸው፣ በማጅራቱ አወረደው። ቅሉን ጭቃ ሞልቶ ከእመት አትጠገብ መቃብር ግርጌ ቀበረው። ጭቃ! ለእመት አትጠገብ ጭቃ!

ሊሄድ ሲዞር ከኋላው ሰማ።

እፍ… እፍ…

አንድ ነገር ራሱን ያሸታል። ዞረ፤ ሰው የለም። ሮጠ።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳው እንደ ባሕታዊ ጸጥ አለ። ኖራውን ቀባው፤ ያዘ። ሐረጉን አወረደ፤ ያዘ። አበባው አልጠወለገም፣ ወፏም አልዞረችም። ግራዝማች መጥተው የጋቢያቸውን ጫፍ ግድግዳው ላይ ፈተጉት። ጋቢው እንደነጣ ወጣ። «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ያንተ ናት» አሉ።

የማንያዘዋልም ፀጉር በቀለ። እንዴት በቀለ መሰላችሁ? እንደ ነሐሴ ሣር! ማታ አንድ ስንዝር፣ ጠዋት ሌላ ስንዝር። አንድ ቀን ሚዶ ቢሰድበት ሚዶው ጠፍቶ ቀረ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ግን ራሱ ከበደው። ሲቀመጥ ራሱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ወዴት? ወደ ግድግዳ። ምሰሶ ሲያይ፣ አጥር ሲያይ፣ ግንድ ሲያይ ማጅራቱን ይበላዋል። መደገፍ ያምረዋል።

በመንገድም ያ የሚያሸተው ነገር አልተወውም። መጀመሪያ ማሽተት ብቻ ነበር። ቀጥሎ የእግር ኮቴ ተጨመረ፤ ቀስ ያለ፣ የነጠላ ጫማ ኮቴ። ቀጥሎ ጣት። አንዲት ቀዝቃዛ ጣት ከማጅራቱ ላይ ትንሽ ቅቤ ጨለፍ አድርጋ ትመለሳለች። ቀጥሎ ድምፅ።

«የኔ ነው።»

በሰሙነ ሕማማት እንጉዳይ በደጅ ቆማ ጠራችው።

«ማንያዘዋል፣ ምን ተቀብተህ ነው?»

«ቅቤ ነዋ። ሙሽራ አይደለሁ? ከገበያ ገዛሁ።»

«በሕማማት ቅቤ ማን ሸጠልህ?»

ኩታውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«አደስ ይሸታል። የአያቴን ራስ እኔ ነበርኩ የምቀባት፤ ሽታዋን አላጣውም። ማንያዘዋል፣ ያንን የቅሉን ነው?»

«አይደለም!»

«ማል።»

«እመቤቴን!»

ጾሙን በሙሉ እያለቀሰች የጸለየችለት ልጅ ናት። ዐይኑን አየችው። ከዚያ እንዲህ አለችው፤ ይህን ስሙ፤ «እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንህ። እስክትታጠበው ድረስ ብቻህን አትሂድ። ግድግዳም አትደገፍ።»

ታጠበው? አልታጠበውም። ማጠብ አይወድማ! «ከሠርጉ በኋላ» አለ።

የሠርጉ ዋዜማ ሆነ። በግራዝማች ግቢ ዳስ ተጥሏል። ከበሮ ይመታል። ሴቱ ይዘፍናል፣ ወንዱ ይጨፍራል። ማንያዘዋል በቤቱ ከሚዜዎቹ ጋር ተቀምጧል። ግን አንድ ነገር ይበላዋል። ግድግዳው! ግራዝማች ነገ ጠዋት ከእንግዳው ሁሉ ፊት ያዩታል። አንዲት ነጥብ ብቅ ብላ ቢሆንስ? እንጉዳይ ለበቅሎ ነጋዴው ልትሄድ አይደለም? አላስቀመጠውም። ሚዜዎቹን «ውኃ ሽንት ደርሼ ልምጣ» አላቸው። ወጣ። ብቻውን።

ለዓይን ያዝ እያደረገ ነው። በግራ ቁልቋል፣ በቀኝ ቁልቋል።

ቻፕ… ቻፕ… ቻፕ… ነጠላ ጫማው ከኋላው ነው። ፈጠነ፤ ፈጠነ። ሮጠ፤ ሮጠ። ከመቃብሩ አጥር ሲደርስ ቀዝቃዛው ትንፋሽ ጆሮው ውስጥ ገባ።

«ጭቃ አበላኸኝ።»

እግሬ አውጪኝ! በዚያ ምሽት ማንያዘዋል ሲሮጥ ያየች ጥንቸል አፍራ መሮጥ ተወች ይባላል። በእልፍኙ የጓሮ በር ዘው ብሎ ገባ። በሩን ቀረቀረ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ምን አየ?

ነጭ። ንጹሕ። ነጥብ የለበትም። አበባው አበባ ነው፤ ወፏም ወፍ ናት።

«ተመስገን» አለ። «ተመስገን። እንጉዳይ የኔ ናት።»

ከዳሱ ከበሮው ይሰማል፤ የሷም ሳቅ ይሰማል። መደቧ ላይ ቁጭ አለ። ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ አልተደገፈም። ራሱ ከበደው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደው። እጁን ልኮ ራሱን ወደ ፊት ያዘ። ራሱ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ እጁ ወደ ፊት ይጎትታል። ራሱ ወደ ኋላ፤ እጁ ወደ ፊት። ግድግዳው ደግሞ ከኋላው ይሞቃል። ሰው የተኛበት አልጋ እንደሚሞቅ ይሞቃል።

«ትንሽ ብቻ» አለ። «ለአንድ አፍታ።»

ተደገፈ።

ጮኸ! እንዴት ያለ ጩኸት! ሰባት ወንዝ ተሻገረ፣ ጭልፊት ከሰማይ ጣለ፣ የከበሮውን ቆዳ ለሁለት ሰነጠቀው! ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም አለ። ግራዝማች ተነሡ፤ እንጉዳይ ቀደመቻቸው። የእልፍኙን በር በትከሻ ገፍተው ገቡ።

ሰው የለም።

የጓሮው በር እንደተቀረቀረ ነው። መደቧ ላይ የሙሽራ ኩታ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ኩታውን ማን አጠፈው? አይታወቅም። ኩራዝ አመጡ። ግድግዳውን አዩ።

አበባው የለም፣ ሐረጉ የለም፣ ወፏ የለችም። ከነጩ መሐል አዲስ እድፍ አለ፤ ገና እርጥብ ነው፣ ያበራል። የወንድ ራስ ነው። አንገት አለው፣ ትከሻ አለው። ከራሱ በላይ ደግሞ ሁለት እጆች ወጥተዋል። ጣታቸው ቀጫጭን ነው፣ አንጓቸው ያበጠ። ጣቶቹ ፀጉሩ ውስጥ ገብተዋል፤ እናት ልጇን ቅቤ ስትቀባ እንደምታደርገው። ከእጆቹም በላይ ፊት አለ። ሙሉ ፊት። ዞሮ ያለቀ። ዐይኑን ገልጦ በሩ ላይ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያይ።

እንጉዳይ አላለቀሰችም። መጥረቢያ አመጣች። ግድግዳውን ፈለጠችው፤ እስኪነጋ ፈለጠችው። ጭድና ጭቃ እንጂ ሌላ አልተገኘም። ቅባቱ ግን እያንዳንዱ ጓል ውስጥ ነበር። የበቅሎ ነጋዴው ሊጠይቃት መጣ፤ ግቢው ደጃፍ ላይ በቅሎው አልገባም አለው፤ ተመልሶ ሄደ። እሷ ሰው ሳታገባ አረጀች። እስክትሞት ድረስ ቀጥ ብላ ነበር የምትቀመጠው፤ በርጩማዋም ከቤቱ መሐል ነበር። ግራዝማች ያንን ጭቃ ገደል አስጣሉት ይባላል። ሌላው ደግሞ፣ ክረምቱ ገደሉን ጠርጎ አፈሩን ወንዝ ለወንዝ በተነው፤ ጭቃ ያጣ ሰው ሁሉ እያፈሰ ቤት መረገበት ይላል። የት የት እንደተመረገ ማን ያውቃል? ማን ግድግዳውን አጥቦ፣ ፍቆ ነው ዛሬ የሚቀባው? ሁሉም ከላይ ከላይ ነው።

ፈንታሁን።

አትንቀሳቀስ። ዝም በል። ከመቼ ጀምሮ ነው ያንን ግድግዳ የተደገፍከው? ማጅራትህን አይሞቅህም? ቆይ… ከትከሻህ በላይ ያለው የማን…

እጅ ነው!

ኧረ ተቀመጡ! ኩባያውን ሰበራችሁት እኮ! ፈንታሁን፣ ከሴቶቹ ጀርባ ውጣ፤ ምንም የለም። የለም ስልህ! ሂድ፣ ሸሚዝህን በብርሃን እየው። ቅባት ካልነካው ደኅና፤ ከነካው ደግሞ ነገ አመድ አፍላ።

በሉ፣ መሽቷል። ስትሄዱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ኩሩ ነኝ የሚል ሦስት ሆኖ ይሂድ። ከኋላችሁ የሚያሸታችሁ ነገር ካለ አትዙሩ።

ደግሞ ስለማልኩ፣ ኅሊናዬ እንዳይወቅሰኝ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ። ጩኸቱን ነው። ሰባት ወንዝ ተሻገረ ያልኩትን። ማንያዘዋል አልጮኸም። ከበሮውን ያስቆመው ጩኸት አልነበረም። ዳሱ ሙሉ ሰው ጆሮውን አቅንቶ የሰማው፣ ከእልፍኙ ውስጥ፣ ቅቤ ቀስ ተብሎ በፀጉር ላይ ሲታሽ የሚያሰማውን ያን ልስልስ ድምፅ ብቻ ነበር።